ለመውረድ የምትመች ሳይክል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ይህን ስል ሰው ቀልድ ይመስለዋል። በመንገድ ሥራ ካቦ ሆኜ ጀምሬ የጥገና ኃላፊ ሆኜ እስክጨርስ ከሠላሳ ዓመት በላይ በካምፕ የኖርኩ ሰው ነኝ። አልጋዬ ተጣጣፊ፣ ሻንጣዬ ከአልጋው ሥር፣ መኪናዬ ከደጅ። ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን የባለቤቴ ቤት ነበር ቢባል ይቀላል። እኔ በወር አንዴ፣ ሲሳካ ሁለቴ፣ ቅዳሜ ብቅ የምል እንግዳ ነበርኩ። እንግዳ ደግሞ ይወደዳል፤ ዶሮ ይታረድለታል፤ ሰኞ ጠዋት ይሄዳል። ባለፈው መስከረም መጣሁና ሰኞ ላይ አልሄድኩም።

የመጀመሪያውን ወር ቤቱን ሳስተካክል አሳለፍኩ። የውሃ በርሜሉን ከጥላው ወደ በሩ አመጣሁት። የማይጮህ ማጠፊያ ፈትቼ ገጠምኩ፤ ከዚያ በኋላ መጮህ ጀመረ። ባለቤቴ የተማሪ ዩኒፎርምና የሴት ቀሚስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ነው። ብርሃኑ ከግራ ቢመጣ ይሻላል ብዬ ወደ ግድግዳው አዞርኩላት። መለሰችው። በሳምንቱ ደግሜ አዞርኩት። ደግማ መለሰችው። ደንበኞቿ መጥተው ቁጭ ብለው ሲጫወቱ እኔ መሃላቸው እቆማለሁ፣ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ሥራ ሲጠፋ መናኸሪያ እሄድና የሚወጡትን መኪኖች አያለሁ። የትኛው ስንት ሰዓት እንደሚሞላ ከተራ አስከባሪዎቹ እኩል አውቅ ነበር።

"አንተ ሰው፣ መሬቱ ይፈጅሃል?" ትለኝ ነበር።

የገና በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ክር በመርፌ እያስገባች፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦ "እኔና አንተ ተጣልተን አናውቅም። ለመጣላትም አብሮ መዋል ይጠይቃል። እስከ ፋሲካ እንሞክረው። ሁለታችንም የምንወደው አንድ ነገር እንፈልግና አብረን እንሥራ። ካልሆነልን ግን ከዚህ ቤት አንዳችን መውጣት አለብን።"

አንዳችን ያለችው ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቤቱ የማን እንደሆነ ይታወቃላ። ደነገጥኩ። ስደነግጥ ደግሞ እቆጣለሁ፤ ጠባዬ ነው። "ምን እንሥራ? ዶሮ እናርባ?" አልኳት።

"ሳይክል እንንዳ" አለች።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ልጅ ሆና፣ ቡሬ አጠገብ ባለው የአባቷ አገር፣ የወንድሟን ሳይክል በድብቅ እየወሰደች በበቆሎ ማሳ መሃል ለመሃል ትነዳ እንደነበር ያን ቀን ነገረችኝ። ሦስት ልጆች ወልደን ድረናል፤ ሳይክል መንዳት እንደምትችል አላውቅም ነበር። ሌላስ የማላውቀው ምን አለ እያልኩ ግቢውን ስዞር ዋልኩ።

ከተማችን ካለው የሳይክል ጠጋኝ ዘንድ ሁለት ሦስቱን አይተን አልጣሙንም። ቡሬ ያገለገሉ ሳይክሎች የሚሸጥ አንድ ሙስሊም ነጋዴ እንዳለ ሰማንና አንድ ማክሰኞ በሚኒባስ ሄድን። ሱቁ የአባቱ የነበረ ነው። ከፊት ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ ሳይክሎቹ ከጓሮ በተርታ ቆመዋል። ሰውየው አርባውን ያለፈ፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ፊት ስቆም ራሴ የባሰ እቸኩላለሁ።

ማሽን መምረጥ የእኔ ፋንታ ነው ብዬ ገባሁበት። ጎማውን ጨመቅኩ፣ ቸርኬውን አዞርኩ፣ ፍሬኑን ያዝኩ ለቀቅኩ፣ ሰንሰለቱን በጣቴ ዳስሼ ዝገቱን አሸተትኩ። ነጋዴው እስክጨርስ ጠበቀና ወደ ባለቤቴ ዞሮ "እመይቴ፣ ሳይክል ቆሞ አይታወቅም፤ እስቲ ይቀመጡበት" አላት።

አንዷን አወጣላት። ጥቁር አረንጓዴ ናት፤ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ቀሚስ የለበሰ ሰው እግሩን ሳያነሣ የሚያልፍበት። ተረከዟን ፔዳሉ ላይ አሳርፋ ጉልበቷ ቀጥ እስኪል ድረስ ኮርቻውን ከፍ ዝቅ አደረገላት። መሪውንም ከኮርቻው አስበለጠው። "ወገብ ቀና ካላለ ሰው ለሽርሽር አይነዳም፤ ለቅጣት ነው የሚነዳው" አለ። የሰንሰለቱን መሸፈኛ አሳያት፤ ቀሚስ እንዳይበላ ነው። ጎማው ወፈር ያለ፣ ለጠጠር የሚሆን ነው። ከኮርቻው ሥር ሁለት ወፋፍራም ሞላዎች አሉ። ባለቤቴ ጓሮውን አንድ ጊዜ ዞራ ስትመለስ ፊቷን አየሁት። እንደዚያ ያለ ፊት ያየሁባት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

"እርስዎስ ጋሼ፣ በየመንገዱ ስንት ሰው ያውቅዎታል?" አለኝ።

"ምን አገናኘው?"

"ያገናኘዋል እንጂ። ወላሂ፣ በእኛ አገር ሳይክል የሚመረጠው ለመንዳት አይደለም፤ ለመውረድ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ይወርዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርሱ ይወርዳሉ። ለቅሶ ሲያጋጥምዎ ይወርዳሉ። አባቴ በበቅሎ ነበር የሚነግዱት፤ በቅሎ ሲገዙ አስቀድመው የሚያዩት መውረጃዋን ነበር። ለእርስዎም የእመይቴ ዓይነቷ ትሻላለች፤ ያቻት ግራጫዋ።"

ደሜ ፈላ። ስንት ግሬደርና ሎደር ተረክቤ ያስረከብኩ ሰው፣ ቆርቆሮ ሻጭ የሴት ሳይክል ላይ ሊያስቀምጠኝ! ከዳር የቆመችውን ረዥሟን ሳብኩ። ወፍራም አግዳሚ ብረት አላት፤ ማርሿ ብዙ ነው፤ መሪዋ ወደፊት ያስጎነብሳል። "ይቺ ዳገት ታወጣለች" አልኩ።

"ታወጣለች" አለ ነጋዴው። አልተከራከረኝም። ባለቤቴም አረንጓዴዋን እየገፋች ቀድማ ወጣች።

ዳገትስ አወጣችልኝ። ችግሩ ዳገት አልነበረም። በጥር ጠዋት ጠዋት መንዳት ስንጀምር፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋ በሚወስደው አስፋልት ትንሽ ሄደን ወደ ጠጠር መንገዱ እንታጠፋለን። በዚያ ሰዓት ገጠሩ በሙሉ ወደ ከተማ ይመጣል። ባለቤቴ ከሩቅ ሽማግሌ ስታይ ፍሬን ትይዛለች፤ ከበርጩማ እንደተነሣ ሰው እግሯን መሬት ታሳርፋለች፤ "እንዴት አደሩ፣ እንዴት ሰነበቱ" ትላለች፤ የልጁን፣ የከብቱን፣ የመከሩን ጠይቃ፣ ተመርቃ፣ መልሳ ትቀመጣለች። ሃያ እርምጃ ሄዳ ደግሞ ትወርዳለች።

እኔ ለመውረድ እግሬን በኮርቻው ላይ አሻግሬ ወደ ኋላ መወርወር አለብኝ። ጉልበቴ ይንቋቋል። አንድ ጊዜ ሱሪዬ ኮርቻው ላይ ተጠልፎ አንድ ቄስ ደግፈው አቆሙኝ። መውረዱስ ይሁን፤ መልሶ መውጣቱ ነው ጉዱ። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ በአንድ እግር እየዘለልኩ ሳይክሉን ሳባርር ለራሴም ያሳፍረኝ ነበር። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። ሽማግሌ ሳይ ቀስ እላለሁ፣ እጄን አነሣለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ፣ አልፋለሁ። በእኛ አገር በበቅሎም ይሁን በሳይክል ላይ ሆኖ በሽማግሌ ፊት የሚያልፍ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሰው ግን ጊዜው ተለውጧል ይልልኛል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እያለፍኩ ስሄድ ባለቤቴን እቀድማታለሁ። ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ እጠብቃታለሁ። ሰዓቴን አያለሁ። ጎማውን እረግጣለሁ። ስትመጣ "በዚህ ዓይነት አንድም ቀን ካሰብነው አንደርስም" እላታለሁ።

"የት ልንደርስ ነው?" ትለኛለች።

ተናድጄ ኮርቻዬ ላይ እወጣለሁ። በፊቴ ኪሎ ሜትር ነበር የሚታየኝ፤ ትናንት ስምንት ከሄድን ዛሬ ዐሥር። እሷ የሰው ወሬ ይዛ ትመለሳለች፤ እኔ ኪሎ ሜትር። ማታ ራት ስንበላ የምትነግረኝ አላት፤ እኔ ግን የምነግራት የለኝም። ቢሆንም እየሆነልን መስሎኝ ነበር። የስፌት መኪናዋን ማዞር ትቼ ነበር። እሷም አንዳንዴ ከእንቅልፌ ሳልነሣ ሳይክሎቹን አውጥታ ትጠብቀኝ ነበር።

ሁዳዴ ገብቶ አራተኛው ሳምንት ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወጥተን ነበር፤ እዚያው ጠጠሩ መንገድ ላይ አንድ ረጋ ያለ ቁልቁለት አለ፤ እኔ እንደ ልማዴ ቀድሜያለሁ። ከታች ሰዎች መንገዱን ሞልተው ሲመጡ አየሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ቀብር ውለው የሚመለሱ ናቸው። አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። ፍሬን ልያዝ ወይስ ልሂድ እያልኩ ሳስብ ሳይክሉ ፈጠነ። ብወርድ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በቁልቁለት ላይ፣ እንደገና ለመውጣት ስንገዳገድ ታየኝ። ጣቴ ደወሉ ላይ ነበር።

ደወልኩ። ሰዎቹ ወደ ግራና ቀኝ ተከፈሉ፤ በመሃላቸው አለፍኩ። ሳልፍ ከፊት ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደ ቦዩ ጠርዝ የወጡትን ሽማግሌ አየኋቸው። ከሠላሳ ዓመታት በፊት ከእኔ ቤት ተልከው፣ ደጅ ቆመው፣ ባለቤቴን ከአባቷ የጠየቁልኝ ሽማግሌ ናቸው። የቀበሩት ታናሽ እህታቸውን ነበር።

ታች ደርሼ ቆምኩ። ዞሬ ሳይ ባለቤቴ ሳይክሏን መሬት ላይ ጥላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከሰዎቹ መሃል ገብታ ታለቅሳለች። ወደ እነሱ ልመለስ አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። እያለቀሰች አብራቸው ወደ ሐዘኑ ቤት ሄደች። እኔ ቤት ገብቼ ከበር እስከ ጓሮ ስመላለስ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ሳይክሏን እየገፋች መጣች። ከግድግዳው አስደገፈቻት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ራት አቀረበች። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሳይክሏን አልነካችም። በሦስተኛው ቀን "አብረን ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ" አልኳት።

"ደወሉን የደወልነው አብረን ነው?" አለችኝ። "ራስህ ሂድ። በእግርህ።"

በእግሬ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተጉዤ ደረስኩ። መንገዱን ሁሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር፤ ፍሬኑ፣ ቁልቁለቱ፣ ዓይኔ፣ ጉልበቴ። ለቅሶ ቤቱ ስገባ ሰው ግድግዳውን ተከትሎ በየአግዳሚው ተቀምጧል። ሽማግሌው መደብ ላይ ናቸው። "እግዚአብሔር ያጽናዎ አባባ" ብዬ ቆሜ ንግግሬን ልጀምር ስል "ተቀመጥ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ ነው ሥራው፤ ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔ ግን ሠርቼው አላውቅም። እግሬን ይበላኝ ጀመር። ሽማግሌው ወደ እኔ ሳያዩ ተናገሩ።

"ደወሉን ስሰማው የመንግሥት መኪና መሰለኝና ለቀቅሁልህ። ዛዲያ ሳይክል ኖሯል።"

ከዳር አንድ ሁለት ሰው አፉን በነጠላው ሸፈነ። "ይቅር ይበሉኝ አባባ። ለመውረድ ቸግሮኝ ነው" አልኩ።

"መውረድማ ያኔም ቸግሮህ ነበር" አሉ። "የአማትህ ለቅሶ ጊዜ። እኛ ኸዚህ ቡሬ ድረስ በእግር ሄደን መንገድ ላይ ተገናኘን። አንተ ልትወጣ፣ እኛ ልንገባ። የመኪናህን ጥሩምባ ነፋኸው፤ አቧራውን አልብሰኸን ሄድህ። ልጅቱ እናቷን ለመቅበር ስትነሣ ባሏ የለም። እኛ ነን የያዝናት። እንግዴህ ዛሬ ሳይክል ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ አልተቀየምሁህም።"

አልተቀየምሁህም የሚለው ቃል እንደዚያ ሲያቃጥል ሰምቼ አላውቅም። ነገሩን አስታወስኩት። ድልድይ ተቆርጦ ነበር፤ እውነት ነው። ሌላ ሰው መላክ እችል ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ከለቅሶው ቤት አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ፣ ለባለቤቴ ትከሻዋን ነክቼ፣ ቀብሩ ሳይወጣ ሄድኩ። በወሩ ስመጣ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። በዚያ ዶሮ ነገሩ ያለፈ መስሎኝ ኖርኩ። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ያን ቀን ሰው እስኪበተን ተቀመጥኩ። በማግስቱም ሄድኩ፤ በሦስተኛውም ቀን። ጽድቅ እንዳይመስልባችሁ፤ አግዳሚው ላይ ሆኜ በጣሪያው ላይ ያሉትን ማገሮች ስቆጥር ነበር። ግን ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ረዥሟን ሳይክል ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ብቻዬን ቡሬ ሄድኩ። ነጋዴው ረዥሟን ተቀብሎኝ ከግድግዳው አስደገፋት። ከጓሮ ግራጫዋን ገፍቶ አመጣት፤ አቧራዋን በጨርቅ ጠረገ፤ ኮርቻዋን ለእግሬ ልክ አስተካከለ። ተቀመጥኩባት። ጀርባዬ ቀና አለ፤ ሁለት እግሬ መሬት ነካ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው እንዴ ስል በራሴ ተናደድኩ። "ሦስት ሰው ጠይቆ አልሸጥኋትም" አለኝ። እውነቱን ይሁን ለደንቡ ያለው አላውቅም።

ቤት ይዣት ስገባ ባለቤቴ ከመስኮቱ ሥር ነበረች። መስፋቷን አቆመች። ወጥታ ዞራ አየቻት። ስለ ለቅሶ ቤቱ አልጠየቀችኝም፤ ሰምታለች፤ እዚህ አገር የማይሰማ ነገር የለም። "እሑድ የእናቴን መቃብር እንሂድ" አለች።

እሑድ ሁለቱን ሳይክሎች ጭነን ቡሬ ሄድንና ከዚያ በገጠሩ መንገድ ነዳን። ወንድሟን ጨምሮ ያየችው ሁሉ ዘመድ ነው፤ ከአንዳንዱ ጋር በአገውኛ፣ ከአንዳንዱ ጋር በአማርኛ ታወራለች። ዐሥራ አራት ጊዜ ወረድኩ። መቁጠር ገና አልተውኩም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋ ስንደርስ ወርደን ተሳለምን፤ ሳይክሎቹን ከውጭ አስደግፈን ገባን።

ከመቃብሮቹ መሃል ቆመችና "የቱ ነው?" አለችኝ።

እያሾፈች መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በድንጋይ ወደ ተካበው አንድ መቃብር ጠቆምኩ። ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ጠቆምኩ። ሦስተኛውን ሳልጠቁም ክንዴን ይዛ፣ ሳር ወደ በቀለበት ዝቅ ያለ አፈር ወሰደችኝ። ምልክት የለውም። አጠገቡ ተቀመጠች። ተቀመጥኩ።

ነጠላዋን አስተካክላ "ትልቋ ልጃችን ባሕር ዳር አንድ ክፍል አዘጋጅታለች" አለች።

ፍርዱ መጣ አልኩ በልቤ። "መቼ ልሂድ?" አልኳት።

"ለአንተ አይደለም። ለእኔ ነው።"

ገባኝ፤ ግን ማመን አቃተኝ። ሠላሳ ዓመት ያቆመችውን ቤት፣ ደንበኞቿን፣ ያን መስኮት ትታ ልትሄድ ነው? "ቤቱኮ ያንቺ ነው" አልኳት።

"አንተ ኖረህበት አታውቅም" አለች፤ ሳሩን በጣቷ እየነቀለች። "አሁን በዚህ ዕድሜህ ደግሞ ከቤት ውጣ ልበልህ? አላስችለኝ አለ። እኔ እሄዳለሁ ብዬ ነበር።"

ይቅርታ ማለት ፈለግኩ። በሽማግሌው ፊት ያወጣሁት ቃል እዚህ አልወጣ አለኝ። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ እንባዋን እናቷ ስትቀበር ጨርሳዋለች። "አሁንስ?" አልኳት ስችል።

"ፋሲካ ገና ሁለት ሳምንት አለው" አለች። ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። "ተነሥ፣ ሚኒባሱ ያመልጠናል።"

ሰዓቱን አላየሁም። እግሬን ይበላኝ ነበር፤ ሁለቱንም።

"ትንሽ እንቀመጥ" አልኳት።

ቆማ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።